የተጣበቀ የጄት ጀልባ ማጽጃ ውታፍ፦ አነቃቀሉና አጠጋገኑ

የጄት ጀልባ ከሥሩ ውሃ እየሳበ በኋላው እየተፋ ስለሚሄድ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውንም አብሮ ይስባል። የውሃ አረም፣ የተበጠሰ ገመድ፣ ፌስታልና ጭራሮ ከመምጠጫው ፍርግርግ አልፈው ዘንጉ ላይ ይጠመጠማሉ፣ ወይም ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለ ስለት የፓምፑ ተሽከርካሪ) አፍ ላይ ይሰነቀራሉ። ለዚህ ሲባል በብዙ የጄት ጀልባዎች ላይ ከኋላው ወለል ቀጥ ብሎ ወደ መምጠጫው ዋሻ የሚወርድ የማጽጃ ቧንቧ አለ። ያን ቧንቧ የሚዘጋው ነው ውታፉ። ባለ ሁለት ሞተር የያማሃ ጀልባዎች ላይ ሁለቱ ውታፎች ከኋላ፣ ከመዋኛው መድረክ ክዳን ሥር፣ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ችግሩ ውታፉ የሚፈለገው ጀልባው ውሃ መሃል ሲቆም ነው፤ መጣበቁም የሚታወቀው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ሰው እጁ ላይ የገባውን ብረት አንስቶ መፈልቀቅ ይጀምራል። ውታፉ ይወጣል፤ ነገር ግን የተፈለቀቀ ውታፍ ተመልሶ ሲገባ ደህና ቢመስልም ውሃ የሚይዝበት ፊቱ ተጭሯል፣ ወይም መቆለፊያ ጆሮው ተሰንጥቋል። ስለዚህ ሥራው መንቀል ብቻ አይደለም። የተነቀለው ውታፍ ዳግም ግፊት መቻል አለመቻሉን ማረጋገጥ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው።

ውታፉ ምን ይሸከማል

ጀልባው ቆሞ ሳለ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭው ውሃ ጋር እኩል ስለሆነ ውታፉ ምንም ጫና የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ ጀልባው ገና ቀስ እያለ ሳለ ፓምፑ ውሃ ስለሚያጥረው ውታፉን ወደ ታች ይስበዋል። ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደፊት የሚሮጠው ጀልባ ውሃውን መምጠጫው ውስጥ ስለሚጨቁነው ውታፉ ወደ ላይ ይገፋል።

ይህ ግፊት ትንሽ አይደለም። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 15 ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢገታ የሚፈጥረው ግፊት 1.1 ባር ገደማ ሲሆን፣ ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ውታፍ ላይ ሲያርፍ ወደ 200 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ክብደት ከሥር እንደመግፋት ነው። ፓምፑ አብዛኛውን ውሃ ስለሚወስደው በተግባር ያለው ጫና ከዚህ ያንሳል፤ ጣሪያው ግን ይኸው ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ የተሰነጠቀ መቆለፊያ በሙጫ ለጥፎ ጉዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሁለቱን አቅጣጫዎች አስታውሱ፤ ኋላ ላይ ፍሳሽ ስንፈልግ ይጠቅሙናል። ያረጀ ውታፍ በዝግታ ጉዞ ላይ አየር ያስገባል፣ በፍጥነት ላይ ውሃ ያስወጣል።

ከመንካታችሁ በፊት

ሞተሩን አጥፉ። የድንገተኛ ማጥፊያውን ገመድ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት፤ የባትሪውን ማጥፊያም ዝጉ። ሁለት ሞተር ካለ ለሁለቱም እንደዚሁ። የማጽጃው ክዳን ሲከፈት ሞተሩ እንዳይነሳ ወይም ፍጥነቱ እንዲገደብ የሚያደርግ ማብሪያ የተገጠመላቸው ጀልባዎች አሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ጨው የበላው ማብሪያ ሊያታልል ስለሚችል እጅን ለሱ አደራ መስጠት አይገባም። ቧንቧው በቀጥታ ወደ ዘንጉና ወደ ኢምፔለሩ ነው የሚወስደው።

ውሃ ላይ ከሆናችሁ መልህቅ ጣሉ፣ ሰዎቹንም ወደ ፊት አስቀምጡ። የቧንቧው አፍ ከውሃው ልክ በላይ እንዲሆን የተሠራው ጀልባው በተለመደው ጭነቱ ቆሞ ሳለ ነው፤ ሦስት አራት ሰው ኋላ ላይ ተሰብስቦ ሲያይ ኋላው ይሰምጥና ውሃው በቧንቧው ሽቅብ ይመጣል። የሚቻል ከሆነ ግን ሥራውን ጀልባው ተሳቢ ላይ ወጥቶ መሥራት ይሻላል። ከሥር መድረስ ይቻላል፣ የሚወድቅ ነገርም ውሃ ውስጥ አይጠፋም።

የእሳት ነበልባልና የሙቀት መተኮሻ አያስፈልጉም። ፋይበርግላሱን ያጣበቀው ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ከጎኑ ያለው የሞተር ክፍል የቤንዚን ትነት ሊኖረው መቻሉ ነው። ትራፓኖ የምትጠቀሙ ከሆነም መጀመሪያ ክፍሉን ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱ።

የተያዘው ምኑ ነው?

ውታፎች በአሠራራቸው ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው እጀታው ሲዞር ወይም ሲነሳ ጆሮዎቹ ወይም ፒኖቹ ከቧንቧው ከንፈር ሥር ገብተው የሚቆልፉት፣ ውሃውን የሚይዘውም ዙሪያውን ባለ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ነው። ሁለተኛው ወፍራም ጎማ በሁለት ሳህኖች መካከል ተጨምቆ ወደ ጎን እያበጠ የሚዘጋው ነው። ሦስተኛው በብሎንና በዳዶ የሚታሰር ክዳን ሲሆን፣ እንደ ሃሚልተን ባሉ ትላልቅ የጄት ፓምፖች ላይ የመምጠጫው መመልከቻ ክዳን በዚህ መንገድ ይታሰራል።

ከመጎተት በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ እጀታው ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም? እጀታው እየተንቀሳቀሰ ውታፉ ካልወጣ ቁልፉ ተፈትቷል፤ የያዘው ጎማው ወይም አሸዋ ነው። እጀታው ራሱ ንቅንቅ ካላለ ግን ውታፉን መጎተት ከንቱ ነው፤ ጆሮዎቹ ገና ከንፈሩ ሥር ናቸውና የምትጎትቱት የጀልባውን አካል ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውታፍ የሚሰብረው ይህን ሳይለይ ነው።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የአንዳንዱ ውታፍ ሥር ከዋሻው ጣሪያ ቅርጽ ጋር እንዲገጥም ተቀርጿል፤ እንዲህ ያለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚገባ አካሉ አይዞርም፣ የሚዞረው እጀታው ብቻ ነው። የባለቤቱን መመሪያ መጽሐፍ አይታችሁ ወይም ከንፈሩ ላይ ያለውን ምልክት ተመልክታችሁ ይህን አረጋግጡ። የማይዞር አካል ለማዞር መታገል አቅጣጫ የሚያስይዘውን ጥርስ ይሰብራል።

እጀታው ሲነክስ

እዚህ ጠላቱ ጨው፣ አሸዋና ዝገት ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ በብዛት አፍስሱበት፤ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ለዚህ ምንም ኬሚካል አያስፈልግም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የእጀታውን ሥርና የሞላውን ጎድጓድ አጽዱ። ነጭ ጠንካራ ቅርፊት ካለ የኖራ ዝቃጭ ነው፤ አቼቶ የነከረ ጨርቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አሳርፉበትና ሲለሰልስ ቦርሹት። ቧንቧው ወይም ውታፉ አሉሚኒየም ከሆነ አቼቶውን ቶሎ አንስታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡ፤ አሲድ አሉሚኒየምን ይበላል።

አይዝጌ ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ብረቶች ጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ደግሞ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብሎኑን አጥብቆ ይነክሰዋል። እንዲህ ያለውን ዘልቆ የሚገባ የዝገት ማላቀቂያ ቀብታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በቁልፍ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ትንሽ ወደ መፍቻው እያላችሁ አላምዱት። ማላቀቂያው ነዳጅ ነክ ስለሆነ ጎማውን እንዳይነካ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

ማዞሪያ ቧንቧ እጀታው ላይ ሰክቶ ጉልበት ማራዘም ያጓጓል፤ ግን አታድርጉት። የፕላስቲክ እጀታ ይህን አይችልም። በሁለት እጅ፣ ሳያቋርጡ፣ ሳይነቀንቁ መግፋት ከአንድ ጊዜ ድንገተኛ ምት ይበልጣል።

ቁልፉ ተፈትቶ ውታፉ እንቢ ሲል

ጎማ ሲደርቅ ከቧንቧው ጋር ይጣበቃል። ከዚህ ሌላ፣ ረጅም አካል ያለው ውታፍ ከሆነ በውታፉና በቧንቧው መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት በአሸዋና በበሰበሰ አረም ይሞላል። አሸዋው ሽብልቅ ነው፤ ወደ ላይ በሳባችሁት ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። ስለዚህ ጎትቶ ማውጣት ከሚለው ሐሳብ ይልቅ አጥቦና አላምዶ ማውጣት ይሻላል።

ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። የፕላስቲክ ውታፍ በፀሐይ ሲግል ከፋይበርግላሱ ቧንቧ የበለጠ ያብጣል። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የፖሊኢትሊን አካል ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ ቧንቧው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚለወጠው። ለኦሪንግ ይህ ብዙ ነው። እናም እኩለ ቀን ላይ ንቅንቅ ያላለ ውታፍ ማለዳ ላይ ሊታዘዝ ይችላል። ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ ውታፉ አናት ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡ።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. ጀልባው ተሳቢ ላይ ከሆነ የውሃ ጎማ በመምጠጫው ፍርግርግ በኩል ወደ ላይ ይዛችሁ የውታፉን ሥር ዙሪያውን እጠቡ። አሸዋው ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ አታቁሙ።

2. ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አብዝታችሁ በጥብጡና በውታፉ ከንፈር ዙሪያ አፍስሱ። ሳሙና ለየትኛውም ጎማ አይጎዳም፣ ያንሸራትታል፣ በኋላም በውሃ ይለቃል። ለ15 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ደግሞ ጨምሩ።

3. ውታፉ መዞር የሚችል ዓይነት ከሆነ ከመሳባችሁ በፊት ግራና ቀኝ አዙሩት። ጎማው ከቧንቧው የሚላቀቀው በመዞር እንጂ በመሳብ አይደለም። ጥቂት ዲግሪ ከተንቀሳቀሰ ሳሙናው ይገባል፣ የቀረው ቀላል ነው። የማይዞር ከሆነ አናቱን በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ምቱ። የምትመቱት ለመሰባበር አይደለም፤ ቅርፊቱን ለማነቃነቅ ነው።

4. አሁን ሳቡ፤ ግን ቀጥ አድርጋችሁ አይደለም። አንዱን ጎን ትንሽ ከፍ፣ ቀጥሎ ተቃራኒውን ጎን ከፍ እያደረጋችሁ አራምዱት። ሲነክስ ወደ ታች መልሱት፣ ሳሙና ጨምሩ፣ እንደገና ሞክሩ።

5. አሁንም እንቢ ካለ አንድ ሰው ከላይ እየሳበ ሌላው ከሥር ይግፋ። በፍርግርጉ ክፍተት ጫፉ ተሞርዶ የተድቦለቦለ የእንጨት ዱላ አስገቡና የውታፉን ሥር ተራ በተራ በጎንና በጎን ምቱ። ዱላው ዘንጉንና የኢምፔለሩን ስለት እንዳይነካ ተመልከቱ። ብረት አይግባ።

የሚያብጠው ዓይነት ውታፍ ከሆነ ማጥበቂያው ከተፈታ በኋላም ጎማው ያበጠውን ቅርጽ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ለወራት ተጨምቆ ከርሞ ወደ ልኩ መመለስ ረስቷል። እዚህ የሚረዳው ዳዶውን እስከ ጫፉ ፈትቶ የታችኛውን ሳህን የያዘውን ብሎን ወደ ታች በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ሳህኖቹ ሲራራቁ ጎማው ቦታ ያገኛል።

ካቻቢቴ ከንፈሩ ሥር መሰካት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የካቻቢቴው ጫፍ የሚያርፈው ልክ ኦሪንጉ የሚቀመጥበት ፊት ላይ ነው። የግድ ከሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሽብልቅ ሁለት በተቃራኒ ጎን አድርጋችሁ እኩል ግፉ።

እጀታው ከተሰበረ፦ መሳቢያ መሥራት

እጀታው እጅ ላይ ሲቀር ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ እንዲያውም ከዚህ በኋላ ያለው ዘዴ ከሁሉ የተሻለው ነው፣ ምክንያቱም ጉልበቱ ቀጥ ያለና የሚለካ ነው። አንድ ጠንካራ የእንጨት ጣውላ፣ ሙሉ ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን ሁለት፣ ዳዶዎችና ሰፋፊ ሮንዴላዎች ያስፈልጋሉ።

በውታፉ አናት ላይ ከመሃሉ እኩል የራቁ ሁለት ቀዳዳዎች በትራፓኖ ብሱ። ቀዳዳው ከብሎኑ ጥቂት ይጥበብ፤ ብሎኑ ፕላስቲኩን ጥርስ እያወጣ ይግባ። ውታፉ ውስጡ ባዶ ከሆነ በስሱ ፕላስቲክ ላይ ጥርሱ አይይዝም፤ ያን ጊዜ ብሎኑን አሳልፋችሁ ከውስጥ የሚከፈት ባለ ክንፍ ዳዶ ተጠቀሙ። ፑንታው ጥልቀት እንዳያልፍ ጫፉ ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉ። ፍርፋሪው ዋሻው ውስጥ ስለሚወድቅ በኋላ ሁሉም መታጠብ አለበት።

ጣውላውን ከቧንቧው አፍ በላይ አጋድሙት፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ቀጥታ ወለሉ ላይ አይረፉ። ከሥራቸው ሰፋ ያለ የእንጨት ቁራጭና ጨርቅ አድርጉ፣ አለዚያ የወለሉ የላይኛው ሽፋን ይሰነጠቃል። ብሎኖቹን በጣውላው አሳልፋችሁ ሮንዴላና ዳዶ አስገቡ። ዳዶዎቹን ተራ በተራ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር አጥብቁ። ውጥረት ሲሰማችሁ ቁሙ፣ ሳሙና ጨምሩ፣ አናቱን በጎማ መዶሻ ምቱና ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ውታፉ የሚለቀው ቁልፉ እጅ ላይ እያለ ሳይሆን በጥበቃው መሃል ነው። ጣውላው ሲጎብጥ ካያችሁ ቁልፉ ገና አልተፈታም ማለት ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጆሮዎቹን መርምሩ።

የተበሳ ውታፍ ከዚህ በኋላ ዕቃ አይደለም። ቀዳዳውን ደፍኖ መመለስ ይቅር።

ይህም ካልሠራ የመጨረሻው ውታፉን ሠውቶ ቧንቧውን ማዳን ነው። መሃሉን በክብ መጋዝ ቁረጡ፤ ከቧንቧው ግድግዳ ግን ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ራቁ። የቀረውን ቀለበት በትንሽ የእጅ መጋዝ ከውስጥ ወደ ውጭ በሁለት ቦታ ክፈቱት፤ ግድግዳው ጋ ሲቃረብ መጋዙን አቁሙና በፒንሳ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስበሩት። ውታፍ በገበያ ይገዛል፤ ቧንቧው ግን የጀልባው አካል ነው።

ቧንቧውን መመርመር

ውታፉ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በባትሪ መብራት ቧንቧውን ማየትና ጣትን ዙሪያውን ማሳለፍ ነው። ቅርፊቱን በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ። ጭረት ካለ አቅጣጫውን ለዩ። ቧንቧውን እንደ ቀለበት የሚዞር ጭረት ከኦሪንጉ ጋር ትይዩ ስለሆነ ብዙም አያፈስም፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጭረት ግን ከኦሪንጉ ሥር የሚያልፍ ቦይ ነው፣ ፀጉር ያህል ቢቀጥንም ውሃና አየር ያሳልፋል። ለዚህም ነው ብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀሙ እጃችሁ ሁልጊዜ ዙሪያውን መሄድ ያለበት፤ ወደ ላይና ወደ ታች አትፈግፍጉ። ውሃ እያስነካችሁ በ400 ቁጥር ጀምራችሁ በ800 ጨርሱ።

ጥፍር የሚይዝ ጥልቀት ያለው ጭረት መሞላት አለበት። ቧንቧው ፋይበርግላስ ከሆነ ቦታውን በ120 ቁጥር አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ሲደርቅ ወፈር ያለ ኢፖክሲ (ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ሙሉበት፤ አምራቹ ያለው ጊዜ እስኪሞላ አትንኩት፣ ከዚያ ከቧንቧው ጋር እኩል እስኪሆን አለስልሱት። ቧንቧው ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ኢፖክሲ አይጣበቅበትም። ቢይዝ እንኳ አንድ ቀን ልጦ ይወጣል፤ የተለጠው ቁራጭ ደግሞ ኢምፔለሩ ውስጥ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለው ቧንቧ ይለወጣል።

ቧንቧው ከጀልባው አካል ጋር የተጣበቀበትን መጋጠሚያም አትርሱ። በኃይል የተጎተተ ውታፍ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ የሚተወው እዚያ ነው፤ ስንጥቁም ውሃውን የሚያስገባው የማንም ዓይን ወደማይደርስበት የጀልባው ውስጠኛ ወለል ነው። ጀልባው ውሃ ላይ ሲወርድ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ የወረቀት ናፕኪን አስሩና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልከቱ። የረጠበ ካለ ጀልባው ይውጣ።

ውታፉን መጠገን

ሊጠገን የሚችለውና የማይችለው መስመሩ ግልጽ ነው። ጎማ፣ ሞላ፣ ፒን፣ ብሎን ይለወጣሉ። የተሰነጠቀ አካል፣ የተሰበረ ጆሮ፣ የተጣመመ ከንፈር ያለው ውታፍ ይጣላል።

ኦሪንጉን በእጅ ወይም በእንጨት ስንጥር አውጡ። ዙሪያው ክብ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጥፎ ከሆነ፣ ሲለጠጥ ስንጥቅ ካሳየ፣ ወይም ጥፍር ሲጫነው ምልክቱ ካልጠፋ ጊዜው አልፏል። አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ለክታችሁ አትሂዱ፤ አሮጌው ተጨምቆ ቀጥኗል። በካሊፐር የሚለካው ጎድጓዱ ነው። ከጎድጓዱ ወለል እስከ ቧንቧው ግድግዳ ያለው ርቀት 4.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 5.33 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መደበኛ ኦሪንግ ሲገባ 21 በመቶ ይጨመቃል። ከ15 እስከ 25 በመቶ ጥሩ ነው፤ ካነሰ ያፈስሳል፣ ከበዛ ውታፉ በሚቀጥለው ጊዜ ዳግም አይወጣም። በዙሪያ በኩል ኦሪንጉ እስከ 5 በመቶ ተለጥጦ ቢገባ ችግር የለውም።

አሁን ቅባት። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ውሃና ፀሐይን በደንብ ይችላል፤ ነዳጅ ነክ ነገር ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ተራ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ዝገት ማላቀቂያ ሁሉም ከነዳጅ የመጡ ናቸው። ናይትራይል የሚባለው ጎማ ዘይት ይችላል፤ ነገር ግን ጥቁር ጎማ በዓይን ታይቶ የቱ እንደሆነ አይለይም። የሲሊኮን ግራሶ ለሁለቱም ይስማማል፤ የማይስማማው ራሱ ከሲሊኮን ለተሠራ ጎማ ብቻ ነው። እኔ ሌላ ቅባት ጀልባው ላይ ባይኖር እመርጣለሁ፤ የሌለ ዕቃ በስህተት አይቀባም። መጠኑም ቀጭን ይሁን፤ ኦሪንጉ እንዲያብለጨልጭ ብቻ። የተደፋ ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል።

ሞላና ፒን ስትለውጡ ጨው ውሃ ላይ የምትሠሩ ከሆነ 316 የተባለውን አይዝጌ ብረት ጠይቁ፤ ከ304 ይልቅ ጨውን ይችላል። ብሎኑ አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥርሱን የፀረ-መንከስ ቅባት ቀቡ፤ መዳብ ያለበት ግን አይሁን፣ መዳብና አሉሚኒየም ጨው ውሃ ላይ አይስማሙም።

መልሶ መግጠምና መሞከር

ከመግጠም በፊት ዋሻውን በመብራት እዩ፣ ፍርፋሪና ሳሙና ታጥቦ ይውጣ። ከዚያ ቅባት ሳትቀቡ ኦሪንጉ ላይ ጠመኔ አሹበት፣ ውታፉን ገጥማችሁ መልሳችሁ አውጡት። ቧንቧው ላይ ያልተቋረጠ የጠመኔ ቀለበት ከታየ ጎማው ዙሪያውን ይነካል ማለት ነው፤ የተቋረጠበት ቦታ ማፍሰሻው ነው። ጠመኔውን ጥረጉ፣ ሲሊኮኑን ቀቡ፣ ግጠሙ።

ቁልፉ መግባቱን በእጅ አረጋግጡ። ጆሮዎቹ ከንፈሩ ሥር እስከ መጨረሻው መግባት አለባቸው፤ እጀታው ወደ መቀመጫው ሲመለስ የሚገታው ነገር ካለ ወደታች እየጫናችሁ አታስገድዱት፣ አውጥታችሁ ምን እንዳለ እዩ። ከተቆለፈ በኋላ በሁለት እጅ በደንብ ወደ ላይ ሳቡት።

የውሃ ላይ ሙከራው በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ ሞተሩ ተነስቶ ሳይጓዝ፣ ቀጥሎ በዝግታ፣ ቀጥሎ በመካከለኛ ፍጥነት፤ በየመሃሉ እያቆማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ክዳኑን ክፈቱና እዩ። በዚህ ጉዞ ላይ ማንም ሰው ከክዳኑ በላይ አይቀመጥ፣ አይቁምም። በዝግታ ጉዞ ሞተሩ ሲጮህ ጀልባው ካልገፋ ፓምፑ በውታፉ በኩል አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ላይ ከክዳኑ ጠርዝ ውሃ ከረጨ ግፊቱ እያሸነፈው ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ ተመለሱ። የክዳኑ ማብሪያ ሞተሩን እየገደበ ካስቸገረ ማብሪያው ይጠገን እንጂ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ የለም።

ሁለተኛ እንዳይጣበቅ

ጨው ውሃ ወይም አሸዋማ ውሃ ላይ ከዋለ ጀልባ ውታፉን በየመውጫው ነቅላችሁ ውታፉንም ቧንቧውንም በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፣ አረምም ካለ ያኔ ይታያል።

ጀልባው ለወራት የሚቆም ከሆነ ውታፉን ተቆልፎ አትተዉት። የኦሪንጉን ዓይነት አውጥታችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡ፤ የሚያብጠውን ዓይነት ደግሞ ዳዶውን ፍቱለት፣ ጎማው ይተንፍስ። ክፍቱን ቧንቧ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፣ አይጥና ተርብ ጎጆ ይሠሩበታል። ከመሪው ላይ ደግሞ ውታፉ መውጣቱን የሚናገር ጽሑፍ እሰሩ። መለዋወጫ ውታፍ አንድ፣ ልኩን ያወቃችሁት ኦሪንግ ሁለት፣ ትንሽ ቱቦ የሲሊኮን ግራሶና ጫፉ የተሞረደው ዱላ በጀልባው ውስጥ አንድ ከረጢት ውስጥ ይቀመጡ።